የቤት ድስት እንዴት የጉዞ ድስት ይሆናል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በእጅ ሥራ ትርኢት አዳራሽ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት ተማሪዎች ስለ ታሪክ፥ ስለ ሕክምናና ስለ ሥነ ጽሑፍ ከፍ ያለ ነገር አሰምተዋችኋል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ድስት ነው። ሳቃችሁን ሰምቻለሁ፤ አልከፋኝም። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ዛሬ ጧት ቁርሱን ሳይበላ የመጣ ሰው ካለ፥ ድስት የሚናቅ ነገር አለመሆኑን እርሱ ይመሰክርልኛል።

ንግግሬን በአራት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ የቤት ድስት በጉዞ ላይ የሚያመጣውን ችግር፥ ቀጥሎ አባቶቻችንና ሌሎች ሕዝቦች ይህን ችግር እንዴት እንደ ተወጡት፥ ከዚያም እኛ በእጅ ሥራ ክበብ ያደረግነውን፥ በመጨረሻም ከዚህ ሥራ የተማርነውን አስረዳለሁ።

የቤት ድስት ለቤት የተሠራ ነው። በቤት ውስጥ ምድጃው አይነቃነቅም፥ መደርደሪያው ሰፊ ነው፥ ወጥ ሠሪዋም ከአጠገቡ አትርቅም። ስለዚህ ድስት ሠሪው ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ አወጣለት፤ በክዳኑም አናት ላይ እንደ ሎሚ ያለ ጉብታ አቆመበት። ለቤት ይህ መልካም ነው። ይህንኑ ድስት በጆንያ ከትታችሁ ተራራ ስትወጡ ግን ያ እጀታና ያ ጉብታ ጠላት ይሆናሉ። የሚሸከመውን ሰው ጀርባውን ይወጋሉ፥ ጆንያውን ይቀዳሉ፥ ከሁሉም ይልቅ አንዱ ድስት ወደ ሌላው ሆድ እንዳይገባ ይከለክላሉ።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። በትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ካሉት ድስቶች መካከል ሦስቱን ለካን። የአፋቸው ስፋት 28፥ 24 እና 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ቁመታቸው በተራ 15፥ 13 እና 11 ሳንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዱ እጀታ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። እንግዲህ 24 የሆነው ድስት ከሁለት እጀታው ጋር 32 ስለሚሆን 28 በሆነው ውስጥ አይገባም። 20 የሆነውም ከነእጀታው 28 ስለሚሆን 24 በሆነው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ። ትልቁ 9 ሊትር ያህል፥ መካከለኛው 6 ሊትር ያህል፥ ትንሹ ደግሞ 3 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛሉ። በድምሩ 18 ሊትር ተኩል የሚያህል ባዶ አየር ተሸክመን እንጓዝ ነበር ማለት ነው። እጀታዎቹ ባይኖሩ ግን ሦስቱም በትልቁ ሆድ ተሰብስበው የ9 ሊትር ቦታ ብቻ በያዙ ነበር። ክብደታቸው ብዙ ባይለወጥም፥ የሚይዙት ቦታ በግማሽ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ችግር ማስቀመጫው ነው። ጉልቻ በቤት ሲሆን የተተከለ ነው፤ በመስክ ላይ ግን ባገኙት ድንጋይ ነው የሚሠሩት። ድንጋዩ ክብ ይሆናል፥ መሬቱም ርጥብ ይሆናል፥ እሳቱ ሲግል ድንጋዩ ይንሸራተታል። ከፍ ባለ አገር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ፥ ሽንብራውም ባቄላውም ቶሎ አይበስልም። ወጡ ረጅም ሰዓት በእሳት ላይ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥርም የሚናወጥበት ጊዜ ይበዛል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በአምቦና በወሊሶ መካከል ወዳለው ወደ ወንጪ ሐይቅ ለጥናት በሄድን ጊዜ፥ በሁለተኛው ቀን ማታ ከሦስቱ ድንጋዮች አንዱ ተገለበጠ። የሽሮው ድስት ተደፍቶ የአንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እግር ላይ ፈሰሰ። ልጁ እንጨት ለመጨመር ጎንበስ ብሎ ነበር እንጂ አንዳች ጥፋት አልሠራም። ቅቤ ይቀባ የሚሉ ነበሩ፤ መምህራችን ግን ይህን ከልክለው ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበት። ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የተቃጠለውን አካል 20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማብረድ እንጂ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አለመቀባት ነው። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል፤ ሆኖም አንድ ወር ያህል ጫማ ማድረግ አልቻለም ነበር።

ከተመለስን በኋላ ይህ ድስት መለወጥ አለበት ብለን ስንነጋገር አንድ ጓደኛችን፥ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ ተረተብን። ተረቱ እውነት ነው፤ ወጡን አያጣፍጠውም። ነገር ግን የተደፋ ወጥ ጣፋጭ ይሁን መራራ ማን ይቀምሰዋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ብዙ ዘመን በመንገድና በድንኳን የኖሩ ናቸው። እንዴት አድርገው ተወጡት? በመጀመሪያ የለወጡት ድስቱን ሳይሆን ምግቡን ነው። በሶው አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፤ በውሃ ከተበጠበጠ ወይም ከተለወሰ ይበቃል። ድርቆሹ እንጀራ ሆኖ የደረቀ ነው፤ ቋንጣውም እንደዚሁ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቅ ይህን የመሰለ ነበር። ማብሰል ያነሰው ስንቅ ድስትም እሳትም አያበዛም።

ሁለተኛው ብልሃታቸው አገልግል ነው። ወላጆቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ እኛ ልጆች ግን በግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሎ ካልሆነ በቀር ብዙም አናየውም። እስቲ አገልግልን እንደ መሐንዲስ ሆነን እንመልከተው። አካሉ ከሰበዝ የተሰፋ ስለሆነ ቀላል ነው፤ በቁርበት ስለ ተለበጠም ጠንካራ ነው። ክዳኑ ግጥም ብሎ በጠፍር ይታሰራል። ወደ ውጭ የወጣ እጀታ የለውም። ጠፍሩ ከላይ ስለሆነም ከትከሻ ወይም ከኮርቻ ላይ ይንጠለጠላል፤ በቅሎዋ ብትሰግርም ወጡ አይደፋም። ለጉዞ ዕቃ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ይኸውም የማይወጋ አካል፥ የሚገጥም ክዳንና ከላይ የሆነ ማንጠልጠያ ናቸው። ለአገልግል የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእሳት ላይ አይጣድም። እንግዲህ የእኛ ሐሳብ በሙሉ በአንድ አረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ እርሱም ድስቱን የአገልግል ጠባይ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

በሌላ አገርም እንዲሁ አስበዋል። በአውስትራሊያ መንገደኞችና ከብት ጠባቂዎች የምግብ ጣሳ ባዶ ሲሆን አይጥሉትም ነበር። በአፉ ግራና ቀኝ ይበሱትና ሽቦ አስገብተው ሻያቸውን ያፈሉበታል፤ ስሙንም «ቢሊ» ይሉታል። የስካውት ማኅበር መሥራች ባደን ፓውል በ1899 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907፥ በብራውንሲ ደሴት ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ ከሰፈረ ወዲህ፥ በእንጨት ላይ በተንጠለጠለ ድስት ማብሰል በብዙ አገር ወጣቶች ዘንድ የታወቀ ትምህርት ሆኗል። ዛሬ በፋብሪካ የተሠራ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ የጉዞ ድስት በውጭ አገር ይሸጣል። ዋጋው ግን ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀመስ አይደለም። ደግሞም ያን ሥራ በገዛ እጃችን ልንሠራው እንችላለን።

ሦስተኛው ክፍል ሥራው ነው። እናንተም በቤታችሁ ልትሠሩት ብትፈልጉ እንድትችሉ በተራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፥ ድስቱን መምረጥ። እኛ የመረጥነው የአሉሚኒየም ድስት ነው። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረትን ሲሶ ያህል ነው፤ ሙቀትንም ከብረት በተሻለ ያስተላልፋል። ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከልዩ ልዩ ውዳቂ ቀልጦ የተሠራ ድስት ቢቀር ይሻላል። በካሜሩን እንዲህ ባሉ ድስቶች ላይ የተደረገና በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የታተመ ጥናት እርሳስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ እርሳስም ለሰው፥ ይልቁንም ለልጆች፥ መርዝ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣ ድስት ይመረጣል። ደግሞም ቲማቲም ያለበት ወይም ጨው የበዛበት ወጥ በአሉሚኒየም ውስጥ አይደር፤ ብረቱን ይበላዋልና።

ሁለተኛ፥ እጀታውን ማንሣት። የድሮው እጀታ በሚስማር የተመታ ከሆነ የሚስማሩን ራስ በሞረድ ሞርዶ ወደ ውስጥ መምታት ነው፤ እጀታው ሳይጎዳ ይወልቃል። የቀረው ቀዳዳ በአሉሚኒየም ሚስማር ይደፈናል።

ሦስተኛ፥ ጆሮ ማውጣት። ከወፍራም የአሉሚኒየም ቁራጭ ለእያንዳንዱ ድስት ሁለት ጆሮ ይቆረጣል። ጆሮው ከድስቱ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ይቆማል፤ ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ግን ከድስቱ አፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ይህ የሥራው ቁልፍ ስለሆነ ቆም ብዬ ላስረዳ። የተንጠለጠለ ዕቃ ተረጋግቶ የሚኖረው የተያዘበት ነጥብ ከስበቱ ማእከል በላይ ሲሆን ነው። የሙሉ ድስት የስበት ማእከል በወገቡ አካባቢ ነው። ጆሮውን ከወገቡ በታች ብታደርጉት ድስቱ ሲሞላ ራሱ ይገለበጣል። በወገቡ ላይ ብታደርጉት በትንሽ ንክኪ ይዞራል። ከአፉ በላይ ብታደርጉት ግን ቢገፉትም እንደ ፔንዱለም ተወዛውዞ ተመልሶ ይቃናል። ሁለቱ ጆሮዎች ደግሞ ትክክል ፊት ለፊት መሆን አለባቸው። እኛ በድስቱ አፍ ዙሪያ ክር አዙረን፥ ክሩን ለሁለት አጥፈን ነው ቦታውን ያገኘነው።

አራተኛ፥ ማያያዝ። እያንዳንዱ ጆሮ በሁለት የአሉሚኒየም ሪቬት ይመታል፤ ሪቬት ማለት ገብቶ ጫፉ በመዶሻ የሚጨፈለቅ ሚስማር ነው። ከውስጥ በኩል ሮንዴላ ይደረግበታል፤ ቀጭኑን ግድግዳ እንዳይቀደው ያግዛል። «ለምን በስታኞ አልተጣበቀም?» ያላችሁን ነበራችሁ። ስታኞ ለአሉሚኒየም በቀላሉ አይጣበቅም። ቢጣበቅም እርሳስ ያለበት ስታኞ በ190 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ውሃው ያለቀበት ድስት ከዚህ በላይ ይግላልና ጆሮው ወልቆ ይወድቃል። እርሳሱም ከምግብ ጋር ጉዳት አለው። የመዳብ ሪቬትም አይሁን፤ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ጨው ባለበት ርጥበት ሲነካኩ አንዱ አንዱን እንደሚበላ በኬሚስትሪ ተምረናል፤ እዚህም የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

አምስተኛ፥ ማንጠልጠያው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ሽቦ በድስቱ ልክ እንደ ቀስት ይጎበጣል፤ ሁለቱ ጫፎች በጆሮው ቀዳዳ ገብተው ወደ ላይ ይጠቀለላሉ። ነጩን፥ ዚንክ የተቀባውን ሽቦ አትጠቀሙ። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ እሳት ሲበረታበት የሚወጣው ጢስም ለሳንባ አይስማማም። በዚሁ ምክንያት ዚንክ በተቀባ ባልዲ ወጥ አይሠራበትም። በሁለቱ ድስቶች መካከል ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ስላለ፥ የውስጠኛው ድስት ሽቦ ወደ ጎን ሲተኛ በዚያ ክፍተት ይቀመጣል። ቁመታቸውም ይበቃል፤ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነው ድስት ከነጆሮው 14 ይሆናል እንጂ ከ15ቱ አያልፍም።

ስድስተኛ፥ ክዳኑ። ጉብታው ይነቀልና በቦታው የምትታጠፍ የሽቦ ቀለበት ትገባለች። ለጆሮዎቹ ማሳለፊያ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ክፍተት ይሞረዳል። ክዳኑ ሲገለበጥ ሣህን ይሆናል። በትንሹ ድስት ሆድ ደግሞ ጨው፥ በርበሬ፥ ማንኪያና ክብሪት ይገባሉ፤ ባዶ ሆኖ የሚጓዝ ቦታ አይኖርም። በመጨረሻ ሁሉም በአቡጀዲ ከረጢት ይከተታል፤ ጥላሸቱ ልብስና መጽሐፍ እንዳይነካ። ድስቱ ከመሰቀሉ በፊት ውጪው በስሱ ሳሙና ቢቀባ ጥላሸቱ በቀላሉ ይታጠባል።

ሰባተኛ፥ መስቀያው። በገጠር ሁለት ባላ ተክሎ በላያቸው እንጨት ማጋደም የቆየ ብልሃት ነው። እኛ ግን በሄድንበት ሁሉ ለአንድ ማታ ወጥ ብለን ለጋ ዛፍ መቁረጥ አልፈለግንም። ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ሦስት ቆረጥን። የዚህ ዓይነቱ ፌሮ አንዱ ሜትር 400 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሦስቱ አንድ ላይ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ናቸው። ራሳቸው በሽቦ ይታሰራል፥ እግራቸው ይበረከታል፤ ከመኻላቸው ሰንሰለት ይወርዳል፥ በሰንሰለቱም ጫፍ መንጠቆ አለ። መንጠቆው በሰንሰለቱ ቀለበቶች ላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል፥ ወጡ ሲንተከተክ ድስቱን ከፍ፥ ሲበርድ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በጉልቻ ላይ ይህን ለማድረግ እሳቱን መቆስቆስ ወይም ማጥፋት ነበረብን።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥንቃቄ አይቅር። ድስቱ ከሦስት አራተኛው በላይ አይሞላ። ሽቦው ይግላልና በባዶ እጅ አይያዝ፤ በባላ እንጨት ወይም በወፍራም ጨርቅ ይነሣ። ከእሳቱ ዙሪያ ሣሩ ይጠረግ፥ ውሃ የሞላ ባልዲም ከአጠገብ አይጥፋ። ትንንሽ ልጆች ከፌሮው እግር አንድ እርምጃ ርቀው ይቁሙ።

ባለፈው ጥቅምት በትምህርት ቤታችን ሜዳ ፈተነው። 7 ሊትር ውሃ በትልቁ ድስት ሞልተን ሰቀልነውና ጎኑን ገፋነው። ተወዛወዘ፥ ተመልሶም ቆመ፤ ያፈሰሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጉዞ ሄዷል፤ ድሮ ሁለት ጆንያ የነበረው የወጥ ቤት ዕቃ አሁን አንድ ከረጢት ሆኗል። ከሁሉም ይልቅ አንድ ሰው እንኳ አልተቃጠለም።

አሁን የመጨረሻውን ልናገር። ሪቬት መምታት የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ሁለት ሆነን ወደ መርካቶ፥ ወደ ምናለሽ ተራ ሄደን ነው። እዚያ የዘይት ቆርቆሮው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ይሆናል፥ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፤ የወደቀ ነገር የለም። አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ሥራችንን አይተው፥ «ልጆቼ፥ ሚስማሩን አትቸኩሉበት፤ ዙሪያውን እየዞራችሁ በቀስታ ምቱት» አሉን። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አስተማሩን፤ ዋጋ ብንሰጣቸው እንቢ አሉ። የእሳቸው መዶሻ የሚያርፍበትን ቦታ ያውቃል፤ የእኛ ግን ብዙ ጊዜ አውራ ጣታችንን አገኘ።

ይህን በትምህርት ቤት ስናወራ ግን «ቀጥቃጭ ሆናችሁ ማለት ነው!» ብለው የሳቁብን አልታጡም። ስድቡ አሮጌ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የሚሠራው፥ ቁርበት የሚፍቀው ብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ማረሻውን የሠራለትን ሰው አራሹ ይሰድበዋል፤ ድስቱን ያበጀችላትን ሴት ወጥ ሠሪዋ ታማታለች። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚጎዳ ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን በተማሪ አፍ እንኳ ገና አልጠፋም። እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ስለ ስበት ማእከል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ የተከበረ ከሆነ፥ ያንኑ የስበት ማእከል በመዶሻው የሚያውቀው ለምን ይናቃል? ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ድስት ላይ ተገናኝተው የአንድ ልጅ እግር ከመቃጠል ካዳኑ፥ በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ምን ይጠቅመናል?

ክቡራን ወላጆች፤ በየቤታችሁ እጀታው የወለቀ፥ ክዳኑ የጠፋ ድስት አይታጣም። ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ክበባችን ላኩልን። ለእናንተም ለታናናሾቻችን ተማሪዎች፤ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ መዶሻው፥ ሞረዱና ፒንሳው ግን በእጅ ሥራ ክፍል ሣጥን ውስጥ ይቀራሉ። የሣጥኑን ቁልፍ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አስረክበናል። እኛ ያልደረስንበት ገና አለ። የሻይ ጀበናውና ምጣዱ አሁንም ለብቻቸው ነው የሚታሰሩት፤ እንጀራ መጋገሪያ ምጣድ እንዴት እንደሚታጠፍ ያወቀ ሰው ቢገኝ በሚቀጥለው በዓል በዚህ ቦታ ቆሞ ይንገረን፤ እኔም መጥቼ አዳምጠዋለሁ።